33ቱ የት ገቡ?

ይድረስ ለጋሼ፤

እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከፍኖተ ሰላም ነው። እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። ተማሪ ሆኜ አጠገቤ መቀመጥ የማይፈልጉ ልጆች ነበሩ። ተምሬ ሥራ ስይዝ እንደኔ ላሉት አንድ ነገር ላድርግ ብዬ የሙያ ማሠልጠኛ ከፈትኩ። ሁለት ዓመት ሆነኝ። የሸክላ ሠሪና የሸማኔ ልጆች፣ መስማት የተሳናቸው ወጣቶች፣ በልጅነታቸው ተድረው፣ ፈተው ከገጠር የመጡ ሴቶች በነጻ ይማራሉ። ልብስ ስፌት፣ የሴቶች ፀጉር ሥራና ኮምፒውተር እናስተምራለን። ባለፈው ዓመት 46 አስመርቀን ነበር። ሥራ የያዙት 13 ናቸው።

የዓመት ወጪያችን 840,000 ብር ነው። ሙሉውን የሚልክልን ውጭ አገር የሚኖር የአገራችን ልጅ ነው፤ በኔ ስም ባለው ሒሳብ ነው የሚገባው። አሁን ግን «ከመስከረም ጀምሮ ከግማሹ በላይ አልችልም» አለኝ። አሠልጣኞቹ የሁለት ወር ደመወዝ አልተከፈላቸውም። እኔም ከኪሴ 38,000 ብር አስገብቻለሁ። አንድ የከተማችን ነጋዴ ሊረዳን ይፈልጋል፤ ግን በምረቃው ቀን ከልጆቹ ጋር ተነሥቶ ፎቶው እንዲለጠፍለትና አምስት ዘመዶቹን እንድናስገባለት ጠየቀ። ልቀበለው? ልጆቹንስ ላስከፍል? ወይስ ልዝጋው? ገንዘብ ከየት ላምጣ?

የሸክላ ሠሪዋ ልጅ

*

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ የገንዘቡን ጭንቀት አነበብኩ። በሁለተኛው ዓይኔ አንድ ቦታ ላይ ተተክሎ ቀረ። 46 አስመርቀሽ 13 ሥራ ያዙ። 33ቱስ የት ገቡ? ስለነሱ አንድ መስመር እንኳ አልጻፍሽልኝም።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 840,000ን ለ46 ብታካፍዪው ለአንድ ልጅ 18,260 ብር ገደማ ይደርሳል። ይሄ ጥሩ ይመስላል። ለ13 ስታካፍዪው ግን 64,600 ብር ነው። ውጭ ያለው ልጅ ይህን ሒሳብ አልሠራው ይሆናል፤ ካንቺ ጋር የሚያገናኘው ፍቅር ነው። ቀጥለሽ የምታንኳኪው በር ግን ሳይሠራው አይቀርም። ስለዚህ ምክሬን ካሁኑ ልንገርሽ፤ የሚቀጥለው ዙር በ20 ልጅ ይሁን። ከመክፈትሽም በፊት 20 ሥራ ሰጪ ፈልጊ። ገንዘቡ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው።

ይህን የምልሽ ብልጥ ሆኜ አይደለም። እኔም ጉድጓዱ ውስጥ ገብቼ አውቀዋለሁ። ከዓመታት በፊት በአንዲት የጎጃም ከተማ እንዲህ ያለ ሥልጠና አስተባብር ነበር። 30 ሴቶች ልብስ ስፌት አሠለጠንን። በከተማዋ የነበሩት የልብስ ስፌት ቤቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። 30 ሰው ማን ይቀጥራል? ማንም አልጠየቀም። ለያንዳንዳቸው የእግር ሲንጀር ሰጠን። ዳቦ ተቆረሰ፣ እልል ተባለ። በፋሲካ ሰሞን ቤት ለቤት ስዞር ግማሹ ማሽን ተሽጧል። የቀረውም የማዳበሪያ ከረጢት ለብሶ ጥግ ቆሟል። አንዷ «ጋሼ፣ ጠልቼው እኮ አይደለም፤ የቤት ኪራይ ደረሰብኝ» አለችኝ። ማሽን ሰጠናት እንጂ ደንበኛ አልሰጠናትም፤ ለጨርቅ መግዣ የምትሆን ሳንቲምም አልሰጠናትም። ሪፖርቱ ላይ ግን «30 ሴቶች ራሳቸውን ችለዋል» ተባለ። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ።

አሁን ወዳንቺ እንምጣ። የመስከረሙን ዙር አትክፈቺው። ደመወዝ ያልተከፈለው አሠልጣኝ አዲስ ክፍል ውስጥ አይገባም፤ ቢገባም ልቡ ውጭ ነው። መጀመሪያ የሁለቱን ወር ዕዳ ክፈዪ። ከዚያ መኸሩ ይለፍ። ፈተው የመጡት ሴቶች ከገጠር ጋር ያላቸው ገመድ እኮ አልተበጠሰም። ኅዳርና ታኅሣሥ ጤፉ ሲታጨድ «እናቴ ታማብኝ» ብለው ይሄዳሉ፤ ግማሾቹ አይመለሱም። ጥርም ሠርግ ነው። የካቲት ላይ ብትጀምሪ እስከ ሐምሌ ድረስ በእጅሽ ናቸው። ነሐሴና ጳጉሜን ደግሞ ስፌት ቤቱ ሁሉ በዩኒፎርምና በዕንቁጣጣሽ ልብስ ተጨናንቆ እጅ የሚፈልግበት ጊዜ ነው። ልምምዱን እዚያ ላይ አሳርፊው። በመጋቢት «ተለማማጅ ውሰዱልኝ» ብትይው ፊቱን የሚያዞርብሽ ሰፊ፣ በነሐሴ ራሱ ይደውልልሻል።

ከአሁን እስከ የካቲት ያለውን ጊዜ በእግርሽ ተጠቀሚበት። ፍኖተ ሰላም ያሉትን ስፌት ቤቶች፣ ፀጉር ቤቶች፣ ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቶች አንድ በአንድ ግቢ። ደንበጫና ቡሬም ውረጂ። ቡሬ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ ተብሎ ብቻ ልጆቹን ለፋብሪካ ማዘጋጀት እንዳትጀምሪ። ሄደሽ ሰው የሚቀጥረውን ክፍል አግኚውና «ዘንድሮ ምን ዓይነት ሠራተኛ አጥታችኋል?» ብለሽ ጠይቂ። የመለሱልሽን በደብተር ጻፊ። «ኮምፒውተር» የሚባለው ሥልጠና ብዙ ጊዜ ዎርድና ኤክሴል ከፍቶ መዝጋት ነው። ባለ ሱቁ የሚፈልገው ግን ደረሰኝ የምትቆርጥ፣ የዕለት ሽያጭ የምትመዘግብ፣ በወር መጨረሻ ሒሳቡ ቢጎድል የት እንደጎደለ የምታገኝ ልጅ ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ሌላው ነገር፣ የማሽን ክፍል ለምን ትከራያለሽ? የመንግሥት ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ማሽን አላቸው። ቅዳሜና ከሰዓት በኋላ ክፍላቸው ባዶ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ዲኑን አነጋግሪ፤ በደብዳቤ ተዋዋሉ። ከኮሌጁ ጋር መሥራትሽ ሌላም ጥቅም አለው። ልጆቹ የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ምዘና እንዲወስዱ መንገዱን ያውቁታል። ያንቺ ሰርተፊኬት ግድግዳ ላይ ያምራል። ሲኦሲ ያለው ልጅ ግን ባሕር ዳርም ሄዶ ወረቀቱን ያወጣል። የቴክኒክና ሙያው ሥርዓት ራሱ 70 በመቶ ተግባር፣ 30 በመቶ ንድፈ ሐሳብ ይላል። ያንቺ ክፍል ስንት በስንት ነው?

ለልምምዱ ከባለ ሱቆቹ ጋር ውሉን በጽሑፍ አድርጊው። ስንት ወር እንደሚቆይ፣ የምሳና የትራንስፖርት ማን እንደሚችል፣ ልጅቷ ምን ችላ እንደምትወጣ ይጻፍበት። አለዚያ ስፌት የተላከች ልጅ ቡና ስታፈላ ትከርማለች። ዕድሜያቸውንም ተመልከቺ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሊቀጠር አይችልም፤ ከ15 እስከ 18 ያለውም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም።

አሁን የሚከብደውን ላንሣ። አንቺ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ፀጉር ቤት የገባችው የሸክላ ሠሪ ልጅ፣ ደንበኛዋ ማንነቷን ስትሰማ «እሷ እንዳትነካኝ» ትላለች። ባለቤትየዋ ልጅቷን ብትወድም ገበያዋን ትፈራለች። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጁን ጠይብ፣ ፋቂ እያላችሁ አትስደቡ ብለው አዋጅ አስነግረው ነበር። ከ100 ዓመት በላይ ሆነው፤ አንቺም ያለ ጎረቤት ወንበር ተቀምጠሽ ተማርሽ። ስለዚህ ስድብን በፖስተር አናጠፋውም። ማድረግ የምትችዪው ግን አለ። ማሠልጠኛሽ ላይ፣ ሰርተፊኬቱ ላይ፣ ማኅተሙ ላይ «የተገለሉ» የሚል ቃል ካለ ዛሬውኑ አውጪው። ለለጋሽ በምትጽፊው ፕሮፖዛል ውስጥ ይኑር። ልጅቷ ይዛው በምትዞረው ወረቀት ላይ ግን ራሱ ስድብ ይሆንባታል። ለባለ ሱቁ ስታስተዋውቂያትም «ሥራዋን እይ» በይው እንጂ የማን ልጅ እንደሆነች ታሪክ አታውሪለት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት አበሏን አንቺ ቻዪ። እጇን ያየ ሰው ብዙ ጊዜ ራሱ ይከራከርላታል።

(በነገራችን ላይ፣ ከሸክላ ማውጣት ብቻ እንደ ማዳን አይቆጠር። የእናትሽ ጀበና ባሕር ዳር ሆቴል ውስጥ ስንት እንደሚሸጥ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ? ሸክላውን ወድዳ መቆየት የምትፈልግ ልጅ ካለች፣ ዋጋ ማውጣትና ገበያ ማግኘት ማስተማርም ሙያ ማስተማር ነው።)

መስማት የተሳናቸውን በተመለከተ፣ ብዙ ወጪ አያስፈራሽ። እኔ ያየሁትን ልንገርሽ። አንዲት ልጅ ስትሰፋ ግራ እጇን ጨርቁ ላይ፣ የቀኟን ሁለት ጣቶች ደግሞ ማሽኑ አናት ላይ ታሳርፍ ነበር። ታዳምጠው ነበር፤ በጣቷ። የታችኛው ክር ሊያልቅ ሲል ንዝረቱ ይለወጣል፤ ከሚሰሙት ሁሉ ቀድማ ታቆማለች። የቸገራት አሠልጣኙ ከኋላዋ ቆሞ ማውራቱ ነበር። ጠረጴዛዎቹን አዙረን ፊት ለፊት አደረግናቸው። ዜሮ ብር። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ግን ያስፈልግሻል። ሙሉ ጊዜ ባይሆን እንኳ አዲስ ትምህርት በሚጀመርበትና ከቀጣሪ ጋር በሚገናኙበት ቀን ይገኝ። ይህን በበጀትሽ ጻፊው። ቀጣሪው ቢያንገራግር የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከተው አዋጅ 568/2000 እንዳለ ንገሪው፤ ግን በሕግ አትጀምሪ። በሰፋችው ሸሚዝ ጀምሪ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ከመስከረም ጀምሮ በእጅሽ ያለው 420,000 ነው። ሳይደግስ አይጣላም። ለ20 ልጅ 21,000 ይደርሳቸዋል፤ አምና ለአንዱ ካወጣሽው ይበልጣል። ከ20ው 12 ሥራ ቢይዙ ለአንድ ሥራ 35,000 ብር ሆነ። አምና 64,600 ነበር። ይህ ቁጥር ነው ብር የሚያመጣልሽ።

ክፍፍሉ ላይ ሁለት ነገር እለምንሻለሁ። አንደኛ፣ የባጃጅና የምሳ ገንዘብ እንዳትቆርጪ። ሥልጠና ነጻ ነው ይባላል፤ የተራበ ሰው ግን ክር መርፌ ውስጥ አይገባለትም። ቤት ኪራይ ያለባት የልጅ እናት ስድስት ወር ያለ ገቢ አትቆይም። ሰው አቋርጦ የሚሄደው ስንፍና ይዞት እንዳይመስልሽ፤ ብዙ ጊዜ በቀን ለመመላለሻ የሚሆን ብር ስለሌለው ነው። ሁለተኛ፣ ለክትትል የሚሆን ብር ለብቻው አስቀምጪ። ከምረቃ በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር በየሱቁ እየሄደ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልግሻል። እኛ ያጣነው ይህንን ነበር።

የአስተዳደር ወጪን በሚመለከት፣ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። ባንቺ በጀት 84,000 ብር መሆኑ ነው። የአሠልጣኝ ደመወዝና የሥልጠና ዕቃ የፕሮግራም ወጪ ስለሆነ እዚህ ውስጥ አታስገቢው። የጸሐፊው፣ የቢሮ ኪራዩ፣ የወረቀቱ ነው የሚቆጠረው። ሥራሽ ከአማራ ክልል የማይወጣ ከሆነ የተመዘገብሽበትን የክልሉን ሕግ ደግሞ አዪ።

ያ አዋጅ ሌላም በር ከፍቷል። ድርጅቱ ገቢ የሚያስገኝ ሥራ መሥራት ይችላል፤ ትርፉ ለዓላማው ይዋል እንጂ አባላት አይካፈሉትም። ፈቃድ ታወጫለሽ፣ ግብር ትከፍያለሽ። ስለዚህ ልጆቹን አታስከፍዪ። ክፍያ የጀመርሽ ዕለት የሚመጡልሽ ሌሎች ይሆናሉ፤ የሸክላ ሠሪዋ ልጅ በሩ ላይ ትመለሳለች። ኮምፒውተሮችሽ ግን ማታ ተዘግተው ያድራሉ። ከ11 ሰዓት በኋላ መክፈል ለሚችል ሠራተኛና ተማሪ የክፍያ ክፍል ክፈቺ። ስፌቱም ትእዛዝ ይቀበል። የአንድ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ብታገኚ ልጆቹ ይለማመዱበታል፣ ክፍያም ያገኛሉ፣ ድርጅቱም ይተርፈዋል። አደራ፣ ትእዛዙ ሥልጠናውን እንዳይበላው። ቁልፍ ብቻ ስትተክል ስድስት ወር የከረመች ልጅ ልብስ ሰፊ አይደለችም።

ውጭ ላለው ልጅ ዛሬ ጻፊለት። «46 አሠልጥነን 13 ብቻ ሥራ ያዙ፤ ጥፋታችን ይህ ነበር፤ ዘንድሮ 20 ወስደን እንዲህ እናደርጋለን» በይው። አትፍሪ። በልመና ከተሞላ አምስት ገጽ ይህ አንድ ገጽ ይበልጣል። ሙሉውን ተመለስ አትበይው። ግማሹን ለሦስት ዓመት እንዲያጸናልሽ ጠይቂው፤ በየትኛው ወር እንደሚልክም ይንገርሽ። መምጣቱ የማይታወቅ 800,000 ከሚታወቅ 420,000 አይሻልም። ወንድሞቹንና ጓደኞቹን አንድ አንድ ልጅ እንዲይዙ ማስተባበር ይችል እንደሆነም ጠይቂው። 21,000 ብር ውጭ ላለ ሰው የማይከብድበት ጊዜ አለ።

ከዚያ እዚሁ ያሉትን። የሰፈርሽን እድሮች ሰብሳቢዎች አነጋግሪ። እድር ጥሬ ገንዘብ ለማውጣት ጉባኤ ይፈልጋል፤ ወንበር፣ ድንኳን፣ አዳራሽ ግን ቶሎ ይሰጣል። ከፈቀዱ አንድ እድር የአንዲት ልጅ መመላለሻ ይቻል። ዩኒቨርሲቲዎች የማኅበረሰብ አገልግሎት ግዴታ አለባቸው፤ ደብረ ማርቆስ ሄደሽ ብር ሳይሆን አሠልጣኝ ጠይቂ። ትልልቆቹ ለጋሾች የኦዲት ሪፖርት ሳያዩ አያናግሩሽም። ስለዚህ በ420,000ውም ቢሆን ለኦዲተር የሚሆን አስቀምጪ።

አንድ ያስደነገጠኝ ነገር ግን ገንዘቡ በስምሽ ባለ ሒሳብ መግባቱ ነው። አላምንሽም ማለቴ አይደለም። ነገ አንድ ሰው ቢያማሽ በምን ትመልሺለታለሽ? በድርጅቱ ስም ሒሳብ ክፈቺ፤ ያለ ሁለት ፊርማ ብር አይውጣ፤ ሁለተኛው ፈራሚ ባልሽም ወንድምሽም አይሁን። ያስገባሽው 38,000ም በቃለ ጉባኤ ብድር ተብሎ ይመዝገብ፤ ወይም ስጦታ ነው በይና ተረስቶ ይቅር። መሐል ላይ የተንጠለጠለ ብር ወዳጅነት ያፈርሳል። ቦርዱ ውስጥ አንድ ልብስ ሰፊ ወይም ፀጉር ቤት ያለው ሰው፣ አንድ ሒሳብ የሚያውቅና አንዷን ካንቺ የተመረቀች ልጅ አስገቢ። ሦስተኛዋ ማንም የማይነግርሽን ትነግርሻለች።

ነጋዴውን አታስቀይሚው። ሰውየው ስሙ እንዲነሣ መፈለጉ ነውር የለበትም፤ የገዛው ማሽን ላይ ስሙን በትልቁ ጻፊለት። ፎቶው ላይ ግን ልጆቹ ካልፈቀዱ አይቆሙም። ከባሏ ሸሽታ የመጣች ልጅ ብትኖር፣ ፊቷ በስልክ ሁሉ ቢዞር ምን ሊያመጣባት እንደሚችል አስቢ። አምስቱን ዘመዶች «የመግቢያ መስፈርታችን በቦርድ የጸደቀ ስለሆነ እኔ መለወጥ አልችልም» በዪው፤ ቦርድ ለዚህ ነው የሚጠቅመው። ዘመዶቹ ማታ ከፍለው መማር ይችላሉ። ከዚያ ከብሩ የሚበልጠውን ጠይቂው፤ ሁለት ተለማማጅ በሱቁ እንዲወስድ። እንቢ ካለሽ፣ የሚፈልገው ፎቶውን ብቻ እንደነበር ታውቂያለሽ።

ደግሞ መንገድ ሲዘጋ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ምን እንደምታደርጊ ካሁኑ አስቢ። ያለንበትን ዘመን ታውቂዋለሽ። ከሩቅ የሚመጡት ከተማ ውስጥ የሚያርፉበት ዘመድ አላቸው ወይ? ክርና ጨርቅ የሁለት ወር ያህል በመጋዘን ይኑርሽ። የሠልጣኞች ስም ዝርዝርና የሒሳብ መዝገብ በወረቀትም ይያዝ።

መዝጋቱን ገና አታንሺው። አዲስ ደብተር ግዢ። የ33ቱን ስም ከላይ እስከ ታች ጻፊ። ስልክ ያላቸው ጋ ደውዪ፤ የሌላቸውን በገበያ ቀን ፈልጊያቸው። የት እንዳሉ፣ ማሽን ወይም መቀስ ከነኩ ስንት ጊዜ እንደሆናቸው፣ ሥራ ጠይቀው የተመለሱበት በር የትኛው እንደሆነ ጠይቂያቸው። የነገሩሽን እንዳለ ጻፊው፤ አታሳምሪው። ለውጩ ልጅ ከምትልኪው ደብዳቤ ጋር አንድ ቅጂ ለኔም ላኪልኝ።